በሐዋሳ አሸዋማ መሬት ላይ የግቢ ኮንክሪት መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሐዋሳና በዙሪያዋ የመኖሪያ ግቢያቸውን ከቤቱ በረንዳ እስከ በሩ ድረስ ኮንክሪት ለማልበስ ላሰቡ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ የቤት ባለቤቶች ሥራው ሳይጀመር፣ በሥራው መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከተበላሸ በኋላ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ለእግር መሄጃ፣ ለመቀመጫና ለአንድ የቤት መኪና የሚያገለግል ንጣፍን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ለፎቅ ሶሌታ ወይም የጭነት መኪና ለሚገባበት ግቢ ግን መሐንዲስ ዲዛይን ሊሠራለት ይገባል።

የጎረቤቴ ግቢ ኮንክሪት በሁለተኛው ክረምት ተሰነጣጠቀ። ሲሚንቶ ስላነሰው ነው?

ሊሆን ይችላል፤ በሐዋሳ ግን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ሲሚንቶው ሳይሆን ከንጣፉ ሥር ያለው መሬት ነው። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር የተቀመጠች ናት። አፈሯም በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ)፣ እንዲሁም ውሃ አምጥቶ ያስቀመጠው አሸዋና ደለል ነው። ይህ አፈር እንደ ጥቁር ጭቃ በክረምት አያብጥም፣ በበጋም አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ በመረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው መከራ እዚህ የለም። የእኛ መሬት ችግር ሌላ ነው። የአሸዋ ቅንጣት እርስ በርሱ ስለማይያያዝ የሚንቀሳቀስ ውሃ በቀላሉ ይዞት ይሄዳል። ሳይጠቀጠቅ የተተወ አመዳም አፈር ደግሞ በደረቅነቱ ጠንካራ መስሎ ይቆይና ጠግቦ ውሃ ሲጠጣ በድንገት ወደ ታች ይቀመጣል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዳር ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የንጣፉን ጠርዝ ይቆፍራል፣ ወደ ሥሩ ይገባል፣ አሸዋውን እየጠረገ ይወጣል። ከጊዜ በኋላ ኮንክሪቱ መሬት ላይ የተኛ ንጣፍ መሆኑ ይቀርና በባዶ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ይሆናል። ኮንክሪት ጫናን በሚገባ ይሸከማል፤ መሳብን የሚችለው ግን ጫናን ከሚችልበት አቅም አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሥሩ ባዶ ሆኖ መኪና ሲቆምበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ለሚቀጥለው ዝናብ አዲስ በር ይሆናል።

እኔም ይህን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት ባሠራሁት አንድ ግቢ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሲሚንቶውም ከበቂ በላይ ነበር፤ የጣሪያው አሸንዳ ግን በኋላ ይገጠማል ተብሎ ቀረ። በሁለት ዓመት ውስጥ የግቢው አንድ ማዕዘን ሰመጠ። ሰብረን ስናየው ከኮንክሪቱ ሥር ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበር፤ ኮንክሪቱ ራሱ ግን በመዶሻ እንኳ አልሰበር ብሎ አስቸግሮናል። ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ባለቤት ገንዘብ ከማለቁ በፊት ከሥር፣ ከዳርና ከውሃ መውረጃው ላይ እንዲውል አጥብቄ እመክራለሁ።

ውፍረቱ ስንት ይሁን?

ሰው ለሚሄድበትና ወንበር ለሚቀመጥበት 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የቤት መኪና የሚገባበት መስመር ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ልኬት የሚጠበቀው በሁሉም ቦታ ነው፤ የተስተካከለ የሚመስለው መሬት አንድ ጎኑ ከፍ ካለ፣ በወረቀት 10 የተባለው በቦታው 6 ሆኖ ይገኛል። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ከዳር ዳር ሲባጎ ወጥሮ በየሜትሩ ወደ ታች መለካት የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መሬቱን እንዴት ላዘጋጅ? አሸዋ ስለሆነ መጠቅጠቅ ያስፈልገዋል?

በጣም ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም ክፍል በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይህ ነው። በመጀመሪያ ሥርና ቅጠል ያለበት የላይኛው አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይነሣል። ከዚያ የተረፈው መሬት በደንብ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው እስኪሰርግ ይጠበቃል፣ ከዚያም ይጠቀጠቃል። ውሃ ማጠጣቱ ለአሸዋ የተለየ ምክንያት አለው፤ ጥቂት እርጥበት ብቻ ያለው አሸዋ ቅንጣቶቹን የሚይዘው ቀጭን ውሃ እርስ በርስ እንዳይቀራረቡ ስለሚያደርጋቸው ለመጠቅጠቅ እምቢ ይላል፤ በሚገባ የራሰ ወይም ፍጹም የደረቀ አሸዋ ግን ይታዘዛል።

መሣሪያውም ለውጥ ያመጣል። አሸዋ የሚጠቀጠቀው በመምታት ሳይሆን በማንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ ለጭቃ የሚያገለግለው ከባድ የእጅ መምቻ እዚህ ብዙም አይረዳም፤ ዝርግ ብረት ያለው የሚንቀጠቀጥ ኮምፓክተር ለአንድ ቀን ተከራይቶ በሁለት አቅጣጫ ደጋግሞ ማስኬድ ይሻላል። ሙሌት ካለ በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ላይ ላዩን መጠቅጠቅ የለበትም፤ በየ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትሩ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሥራው መብቃቱን ለማየት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጅ ወደ መሬቱ ይግፉ፤ ያለ ትግል ጠልቆ ከገባ መሬቱ አልተዘጋጀም።

ከዚህ በላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ገረጋንቲ ተነጥፎ በተመሳሳይ መንገድ ይጠቀጠቃል። በአገራችን የተለመደው 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ድርድር፣ ማለትም ሃርድኮር፣ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን በቀጥታ አሸዋ ላይ ሲደረደር በትልልቆቹ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር አሸዋው ወደ ክፍተቱ እየገባ ድንጋዩ ይሰምጣል። ሃርድኮር ከመረጡ መጀመሪያ ቀጭን የገረጋንቲ ንጣፍ ወይም ጂኦቴክስታይል (ውሃ እያሳለፈ አፈሩን የሚይዝ) ጨርቅ ከሥሩ ያድርጉ፤ ክፍተቱንም በደቃቅ ጠጠር እስኪጠግብ ሙሉት። ከተነጠፈ በኋላ ድንጋዩ በእግር ሲረገጥ መነቃነቅ የለበትም።

ዳርቻውን እንዴት ልጠብቅ?

የንጣፉ ዳር ዙሪያውን ወደ ታች ይወፍር። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ ሁለት ባለ 10 ፌሮ በርዝመቱ ተዘርግቶበት፣ ከንጣፉ ጋር አብሮ ሲሞላ ውሃ ከጎን ወደ ሥር የሚገባበትን መንገድ ይዘጋል። ከውጭ በኩል ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠጠር ቢነጠፍ፣ ከላይ የሚወድቀው ጠብታ ኃይሉን እዚያ ላይ ይጨርሳል። ብዙ ሰው ይህን ጠርዝ ለገንዘብ ሲል ይተወዋል፤ እኔ ግን በጀቱ ካልበቃ ንጣፉን በ5 ካሬ ቀንሰው ጠርዙን ይሥሩ እላለሁ።

ተዳፋቱ ስንት ይሁን? ውሃውስ ወዴት ይሂድ?

በእያንዳንዱ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ግቢ ከቤቱ በኩል ካለው ጫፍ እስከ ውጭኛው ጫፍ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ለዓይን ብዙ ይመስላል፤ ወንበር ሲቀመጥበት ግን አይታወቅም። የንጣፉ የላይኛው ልክ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ተዳፋቱም ከቤቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ መሠረቱ እንዳይሆን በውሃ ልክ ይለካ እንጂ በዓይን መገመት አይገባም። መሬቱ ሲጠቀጠቅ ያንኑ ተዳፋት ይዞ መውጣት አለበት፤ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ተዳፋቱን በኮንክሪቱ ውፍረት ለማምጣት መሞከር አንዱን ጫፍ ያሳሳል።

የውሃው ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ከተገመተው በላይ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያዎ 80 ካሬ ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከጣሪያው ብቻ 2,400 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 12 ጊዜ የሚሞላ ነው። ያን ሁሉ ውሃ አሸንዳ ይዞ በቱቦ ካላወረደው፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የግቢውን ጠርዝ ሲደበድበው ይከርማል። በርሜሉን ወይም ሮቶውን ከቱቦው ሥር ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ውሃ መውጫ እንዲኖረው ግን አስቀድሞ ይታሰብ።

መውጫው የመንገድ ቦይ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ደግሞ ከቤቱ መሠረት 5 ሜትር ያህል ርቆ በተቆፈረና ጠጠር በተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ይሆናል። አሸዋማ አፈር ውሃን ቶሎ ስለሚያሰርግ ይህ ጉድጓድ በብዙ ሰፈሮች በደንብ ይሠራል። ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮችና ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በሚወስዱት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ግን የከርሰ ምድር ውሃው በክረምት ወደ ላይ ስለሚቀርብ ጉድጓዱ ሞልቶ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በነሐሴ ወር አንድ ሜትር ተኩል ቆፍረው ውሃ መገኘት አለመገኘቱን ይዩ፤ በጥር የተቆፈረ ጉድጓድ የነሐሴን ነገር አይናገርም። ውሃውን በአጥር ሥር ወደ ጎረቤት መልቀቅ መፍትሔ አይደለም፤ የጎረቤትን አሸዋ የጠረገ ውሃ ቀስ እያለ የራስዎን አጥር መሠረት ይከተላል።

ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት ባለብሰውስ?

አልመክርም። በአጥሩ ዙሪያና በዛፎቹ ሥር ክፍት አፈር ሲቀር የዝናቡ የተወሰነ ክፍል እዚያው ይሰርጋል። ለማንጎ ወይም ለአቮካዶ ዛፍ ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተዉለት፤ ሥሩ ሲወፍር ንጣፉን ማንሣቱ አይቀርም።

ፌሮ የግድ ነው? ያለ ፌሮ ቢሠራስ?

ለእግር ብቻ የሚያገለግል፣ በደንብ በተጠቀጠቀ መሬት ላይ ያለና መስመሮቹ (ከታች የሚብራሩት) በትክክል የተቆረጡ ንጣፍ ያለ ፌሮም ሊቆም ይችላል። በእኛ መሬት ግን አስተማማኙ ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ማሰር ነው። ፌሮ ስንጥቅ እንዳይፈጠር እንደማያደርግ ግን መታወቅ አለበት፤ ሥራው የተፈጠረው ስንጥቅ እንዳይከፈትና አንዱ ጎን ከሌላው እንዳይወርድ መያዝ ነው።

ለዚህ ሥራው ፌሮው ከንጣፉ ውፍረት መካከል ከፍ ብሎ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ብዙ ቦታ የሚደረገው መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ በመንጠቆ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው፤ ሠራተኛው ሲረግጠው ግን ተመልሶ ይተኛል፣ መሬት ላይ የተኛ ፌሮም እዚያው ዝጎ ይቀራል። ቀደም ብለው የተሠሩ የሲሚንቶ ታኮዎች (ፌሮውን ከፍ አድርገው የሚይዙ ቁርጥራጮች) በየሜትሩ ከሥሩ ይደረጉ።

የአካባቢውን አሸዋ ለድብልቁ መጠቀም እችላለሁ?

አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። የግቢዎን ቁፋሮ አሸዋ በፍጹም ወደ ድብልቁ አያስገቡ። ከሻጭ የመጣውንም ቢሆን ከመኪናው ከመውረዱ በፊት በሁለት ቀላል መንገዶች ይፈትኑት።

የመጀመሪያው ለደለል ነው። በግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሢሶው አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ይጨምሩና በኃይል ነቅንቀው ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ያስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ደቃቅ ጭቃ ይለካል፤ በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት ደለሉ ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአሸዋው ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ጭቃው ቅንጣቶቹን ሸፍኖ ሲሚንቶ እንዳይይዛቸው ያደርጋልና።

ሁለተኛው ለፑሚስ ነው። አንድ እፍኝ አሸዋ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይበትኑና የሚንሳፈፈውን ይመልከቱ። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚንሳፈፍ ቀላል ቅንጣት በብዛት ካለ አሸዋው ለኮንክሪት አይሆንም፤ ፑሚስ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ የድብልቁን ውሃ ይጠጣል፣ በራሱም ደካማ ነው። ለብሎኬት ማምረቻ ክብደት ስለሚቀንስ ይፈለጋል፣ ተፈጭቶም ፒፒሲ በሚባለው ቅይጥ ሲሚንቶ ውስጥ ይገባል፤ ያው አንድ ድንጋይ በቦታው ሲሆን ይጠቅማል፣ በአሸዋ መልክ ሲመጣ ግን ንጣፍን ያደክማል። ለጠጠሩም እንዲሁ ከጥቁር ድንጋይ የተፈጨ፣ በገበያ 02 የሚባለውን ጠጠር ይጠቀሙ።

ድብልቁ ስንት በስንት ይሁን?

ለግቢ ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ተገቢ ነው፤ ይህም በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 360 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሚንቶ ይወስዳል። በሳጥን ሲለካ 1 ለ 2 ለ 3 ነው። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይመጣጠናል፤ ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ይገባል። በአካፋ መቁጠር አይቻልም፤ የጠዋቱ አካፋና የከሰዓቱ አካፋ እኩል አይደሉም።

የድብልቁን ዕድሜ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ውሃው ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጠቅላላ ውሃው 25 ሊትር አካባቢ ይሁን። ይህ በአሸዋው ውስጥ ያለውን እርጥበትም ያካትታል፤ በዝናብ የራሰ አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ ብቻውን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ስለሚመጣ በባልዲ የሚጨመረው 20 ሊትር ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ እርጥብ አሸዋ ሲለካ ነፍቶ ከደረቁ እስከ አንድ አራተኛ የሚበልጥ ቦታ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሳጥኑ የሞላ ቢመስልም የሚገባው አሸዋ ያነሰ ነው። በክረምት ወራት ሳጥኑን ከፍ አድርጎ መሙላት ወይም ክምሩን ቀድሞ በሸራ መሸፈን ይህን ያስተካክላል።

ሠራተኞች ድብልቁን ለመግፋት እንዲቀላቸው ውሃ መጨመር ይፈልጋሉ። ድካማቸው እውነተኛ ነው፣ የሚረዱበት መንገድም አለ፤ ሚክሰሩን ወደ ሥራው ማቅረብ፣ የሰው ቁጥር መጨመር፣ ቫይብሬተር መከራየት። ውሃ መጨመር ግን ኮንክሪቱን ያደክመዋል፣ ሲደርቅም የበለጠ ያሳጥረዋል፣ ያጠረው ደግሞ ይሰነጠቃል።

ለ30 ካሬ ግቢ ምን ያህል ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ፌሮ ልግዛ?

5 በ6 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል፤ ለብክነት ጨምረን 3.2 እንበል። በዚህ ስሌት 23 ከረጢት፣ ማለትም 11 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ፣ 1.7 ሜትር ኩብ አሸዋና 2.5 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። ፌሮው ባለ 8፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ሲሆን፣ የሚተርፈውን ቁራጭ ጨምሮ 29 ቤርጋ (አንዱ 12 ሜትር) ያህል ነው። የወፈረው ጠርዝ ለብቻው ይሰላል፤ ሦስት ጎን ከተሠራ ወደ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ሊጨምር ይችላል። ሲሚንቶው ከሥራው ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ብቻ ይምጣ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የቋጠረ ከረጢት ለንጣፍ አይግባ።

መስመር መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል? ንጣፉ አንድ ወጥ ቢሆን አይሻልም?

ኮንክሪት ሲደርቅ ማጠሩ አይቀርም፣ ሲያጥርም መሰንጠቁ አይቀርም። መስመር መቁረጥ ስንጥቁ እኛ በመረጥነው ቦታ፣ በቀጥታና በንጽሕና እንዲሄድ ማድረግ ነው። ለ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ3 ሜትር አይብለጥ፤ ክፍሎቹም በተቻለ መጠን ወደ እኩል ጎን የቀረቡ ይሁኑ። የ5 በ6 ግቢ በመካከሉ በአንድ ቋሚና በአንድ አግዳሚ መስመር ሲከፈል 2.5 በ3 ሜትር የሆኑ አራት ክፍሎች ይወጣሉ፣ ይህም ጥሩ ነው። ጥልቀቱ የውፍረቱ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በማሽን የሚቆረጥ ከሆነ በዚያው ዕለት ማታ ወይም በማግሥቱ ማለዳ መቆረጥ አለበት፤ በሦስተኛው ቀን የመጣ ቆራጭ የሚያገኘው ቀድሞ የተሰነጠቀ ንጣፍ ነው። ማሽን ከሌለ በጣውላ ከፋፍሎ አንድ ክፍል እየዘለሉ መሙላትም ይቻላል።

ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ፣ ከበረንዳው አምድና ከአጥሩ ጋር በቀጥታ አይጣበቅ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ፎም በመካከላቸው ይቁም። በአሸዋ ላይ እነዚህ መስመሮች ሁሉ ከደረቁ በኋላ በሬንጅ ወይም በሚለጠጥ ማሸጊያ መሞላት አለባቸው፤ ካልሆነ እኛው ራሳችን ለውሃ መግቢያ አዘጋጀንለት ማለት ነው። ማሸጊያውን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

በየትኛው ወር ልሥራ? ኮንክሪት እያፈሰስን ዝናብ ቢመጣስ?

የሐዋሳ ዝናብ ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። መሬቱን ግን ከክረምቱ በፊት ጠቅጥቆ አንድ ዝናብ እንዲያልፍበት መተው ከተቻለ፣ የሚሰምጠው ከኮንክሪቱ በፊት ይሰምጣል፤ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ቢያደርግ ብዙ ይጠቀማል። በበጋ ወራት ደግሞ ፀሐይና ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ የንጣፉን ፊት ሳይጠነክር ያደርቁታል፣ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆችም ይወጣሉ። ስለዚህ ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ከቀትር በፊት ይጠናቀቅ፤ ከሥር ያለው ገረጋንቲም የኮንክሪቱን ውሃ እንዳይጠጣ ቀድሞ ይረጠብ፣ ውሃ ግን አይቋጥር።

ዝናብ ድንገት ከመጣ የፕላስቲክ ሸራ አጠገብ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ኮንክሪቱ ገና ለስላሳ ከሆነ ሸፍኖ መጠበቅ፣ ከዚያም ላዩ ላይ የቆመውን ውሃ በስታጃ (ቀጥ ባለ ማስተካከያ) ወደ ዳር ገፍቶ ማፍሰስ ነው። ውሃውን ለመምጠጥ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ በየቦታው ይታያል፤ ላዩን ለጊዜው ያሳምረዋል፣ በዓመቱ ግን እንደ ቅርፊት ይላጣል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ቀላል ዝናብ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ፊቱ ለስላሳ ሊሾ ይሁን ወይስ ሻካራ?

ከቤት ውጭ ሻካራ ይሁን። በፍራታሶ (በእጅ ማስተካከያ ጣውላ) ከተስተካከለ በኋላ ተዳፋቱን ተከትሎ በመጥረጊያ ቀስ ብሎ መሳብ ይበቃል። የተወለወለ ሊሾ በዝናብ ጊዜ ለአረጋውያንና ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ኮንክሪቱ ውሃ የሚጠጣው ለስንት ቀን ነው?

በኦፒሲ (ቅይጥ ባልሆነው) ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከ10 እስከ 14 ቀን። ፒፒሲ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ እርጥበቱ አብሮት መቆየት አለበት። ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ ግን እዚህ ፀሐይ ላይ አይበቃም፤ በመካከሉ ይደርቃል። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ጆንያውን ሳያደርቁ ማቆየት፣ ወይም ዙሪያውን በአሸዋ ገድቦ ጥቂት ውሃ ማቆር ይሻላል። በእግር ለመርገጥ ሁለት ቀን፣ መኪና ለማስገባት 28 ቀን ይጠበቅ።

በግቢው ውስጥ ሴፕቲክ ጉድጓድ አለ። በላዩ ላይ ማለፍ ይቻላል?

የሚሠራ ጉድጓድ ከሆነ ለብቻው የተሠራ፣ ፌሮ ያለው ክዳንና የሚከፈት አፍ ይኑረው፤ የግቢው ንጣፍ በክዳኑ ዙሪያ በመስመር ተለይቶ ይቁም። ይበልጥ የሚያስፈራው የተረሳ አሮጌ ጉድጓድ ነው። ቆሻሻና ልቅ አፈር የተሞላ ጉድጓድ ላይ የተነጠፈ ኮንክሪት ሳይታወቅ ባዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰው ሕይወትም ሊያልፍበት ይችላል። ቤቱን የገዙት ከሌላ ሰው ከሆነ የቀድሞውን ባለቤት ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶችን ይጠይቁ። ከተገኘ ልቁ አፈር እስከ መጨረሻው ወጥቶ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን እንተክላለን። ካስማውን የት እንመታለን?

ይህ ከሥራው በፊት ቢታሰብ በጣም ቀላል ነው። ምሰሶና ካስማ በሚያርፉበት ቦታ አጫጭር የብረት ቱቦዎች ከኮንክሪቱ ጋር ተቀብረው፣ አፋቸው ከፊቱ እኩል ሆኖ በክዳን ይዘጋል። ሳይታሰብ ከቀረ ግን በቸኮለ ቀን በመዶሻ የተበሳ ጉድጓድ የስንጥቅና የውሃ መነሻ ይሆናል።

ንጣፌ አንድ ቦታ ሰምጧል። በላዩ ላይ አዲስ ሊሾ ብደርብበትስ?

2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሊሾ በተሰነጠቀ ንጣፍ ላይ ሲደረብ አሮጌው ስንጥቅ በዚያው መስመር ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ይፈለግ፤ አሸንዳው፣ የተሰበረ የውሃ ቱቦ፣ ያልታሸገ መስመር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ንጣፉን በብረት እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ፤ ባዶ የሆነው ቦታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ንጣፉ ገና ካልተሰበረ በቀዳዳ በኩል ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ እስኪጠግብ ማፍሰስ ይቻላል። ከተሰበረ ያ ክፍል ብቻ እስከ መስመሩ ድረስ ተነሥቶ፣ ሥሩ ተጠቅጥቆ እንደገና ይሠራል።

ከግንበኛው ጋር ስዋዋል ምን ምን ይጻፍ?

ዋጋው በካሬ ከተነገረ በካሬው ውስጥ መጠቅጠቁ፣ ጠርዙ፣ መስመር መቁረጡና ማሸጉ መካተት አለመካተታቸው ይጻፍ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ አንደኛው መሬቱ ተጠቅጥቆ ከታየ በኋላ፣ ሁለተኛው ፌሮው በታኮ ላይ መቀመጡ ከታየ በኋላ፣ ሦስተኛው ኮንክሪቱ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ ውሃ የማጠጣቱ ቀን ሲፈጸም ይከፈል። በነዚያ ቀናት ጆንያውን የሚያረጥበው ሰው ማን እንደሆነ፣ እሑድንና የበዓል ቀንን ጨምሮ፣ በስሙ ይጻፍ።